ተበዳዩ ማነው? ስለ ስውር ፖሊስ፣ በፊልምና በፊንስበሪ ፓርክ ዙሪያ

ከፊልም ቤት ስንወጣ ያዘንንለት ሰው ማን እንደ ነበረ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። በዓለም ገበያ ከሚቸበቸቡት የወንጀል ፊልሞች መካከል አንድ ትልቅ ዘርፍ አለ፤ ስሙን ለውጦ፣ ታሪኩን ፈጥሮ፣ ሊሰልላቸው በተላከባቸው ሰዎች መሐል የሚኖረውን ስውር ፖሊስ ጀግና አድርጎ የሚያቀርብ ነው። ለዚህ ሰው ቋንቋችን ስም አላጣለትም፤ ጆሮ ጠቢ፣ ነጭ ለባሽ፣ ሰርጎ ገብ ይለዋል። ሦስቱንም ስም ያወጣው የተሰለለው ሕዝብ ነው፤ ስለዚህም በሦስቱም ውስጥ ፍርሃትና ንቀት አብረው ይሰማሉ። ፊልሙ ግን ያንኑ ሰው ከጭምብሉ በስተጀርባ ሆኖ ያየዋል፤ ላቡን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የፈረሰ ትዳሩን እያሳየ እንድናዝንለት ይጠይቀናል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የስውር ፖሊስ ፊልም ተቋማዊ በደል መኖሩን አይክድም፤ ብዙ ጊዜም በግልጽ ያሳየዋል። የሚያደርገው ተበዳዩን መለወጥ ነው። ተቋሙ የበደለው ሠራተኛውን ይሆናል፤ የተሰለሉት፣ የተደበደቡት፣ የተታለሉት ደግሞ የታሪኩ ማጀቢያ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ለመረዳት ፊልሞቹን እዚሁ በፊንስበሪ ፓርክ ዙሪያ በእውን ከተፈጸመው ጋር ማስተያየት ይበቃል። ጉዳዩ ለስደተኛ ተማሪ የሩቅ ወሬ አይደለም። ማኅበር ያቋቋመ፣ ስብሰባ የሚጠራ፣ ጽሑፍ የሚያባዛ ሁሉ አንድ ቀን «ከመካከላችን ያለው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ይገጥመዋል፤ መልሱን ከፊልም የተማረ ሰው ደግሞ ማኅበሩን በገዛ እጁ ሊያፈርስ ይችላል። (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ፊልሙ የሚያስተምረን

በ1997 የወጣውን «ዶኒ ብራስኮ» እንውሰድ። ታሪኩ ከ1976 እስከ 1981 በኒው ዮርክ ማፊያ ውስጥ ስሙን ለውጦ ስለኖረ አንድ የኤፍ.ቢ.አይ. ሠራተኛ ነው። ተመልካቹ የሚያየው የአንድን ሰው ለሁለት መሰንጠቅ ነው፤ ሚስቱ ባሏን አታውቀውም፣ ልጆቹ አባታቸውን ያጣሉ፣ እሱም አሳልፎ የሚሰጠውን ሽማግሌ ወንበዴ እንደ አባት ይወደዋል። በመጨረሻው ላይ አለቆቹ ሜዳልያና አነስተኛ ቼክ ያስጨብጡታል። ሽማግሌው ደግሞ ወደ ሞቱ ሲሄድ እናያለን። በእውነተኛው ታሪክ ሰውየው ታስሮ ከቆየ በኋላ በ1994 የሞተው በሕመም ነው፤ የፊልሙ ሞት የተጨመረው የሰላዩ ጸጸት እንዲከብድ ነው።

በ2002 ከሆንግ ኮንግ የወጣው «ኢንፈርናል አፌርስ» እና በእሱ ላይ ተመሥርቶ በ2006 በአሜሪካ የተሠራው «ዘ ዲፓርትድ» ይህንኑ ሐሳብ ወደ ጫፍ ያደርሱታል። በሁለቱም ውስጥ የስውሩን ፖሊስ ማንነት የሚያውቁት አለቆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አለቃው ሲገደል ማኅደሩ ከተደመሰሰ ሰውየው ከወንበዴ የሚለየው ነገር አይኖርም። ተቋሙ ልጁን ይውጠዋል። በዚህ ዓይነት ፊልም ዱላውም ቢሆን የጀግናው ፈተና ነው፤ እንዳይነቃበት ሰው መደብደብ፣ ሲገደል ቆሞ ማየት ይኖርበታል። ካሜራው የሚያተኩረው በመቺው ፊት ላይ ነው። የተመታው ሰው ስም የለውም።

ከእነዚህ ሁሉ የተሻለው በ1973 የወጣው የሲድኒ ሉሜት «ሰርፒኮ» ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍራንክ ሰርፒኮ ያለ ዩኒፎርም ይሠራ የነበረ የኒው ዮርክ ፖሊስ ነው፤ ጓደኞቹ ከቁማርተኞችና ከዕፅ ነጋዴዎች በየወሩ የሚቀበሉትን ጉቦ አልቀበልም ብሎ አጋለጠ፤ በፌብሩዋሪ 1971 ብሩክሊን ውስጥ ፊቱ ላይ ተተኮሰበት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በናፕ ኮሚሽን ፊት መሰከረ። ፊልሙ ጥፋተኛው አንድ መጥፎ ሰው ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ እንደ ሆነ በድፍረት ይናገራል። ሆኖም እዚህም ተበዳዩ ሐቀኛው ፖሊስ ነው። ጉቦው የሚሰበሰብበት ድሀ ሰፈር፣ በሐሰት ማስረጃ የሚታሰረው ጥቁር ወጣት፣ ከመስኮቱ ማዶ ይቀራል።

«ዘ ዲፓርትድ» የተቀረጸባትን የቦስተንን ከተማ እውነተኛ ታሪክ ብንመለከት ልዩነቱ ይጎላል። በ1965 በዚያ አካባቢ ለተፈጸመ ግድያ አራት ሰዎች በ1968 ተፈረደባቸው። ኤፍ.ቢ.አይ. የራሱን መረጃ አቀባይ ለመከላከል ሲል ንጹሕ መሆናቸውን የሚያሳየውን ማስረጃ ደበቀ። ሁለቱ እስር ቤት ሞቱ፤ የተቀሩት 30 ዓመት ገደማ ታሰሩ። በ2007 አንዲት የፌዴራል ዳኛ ከ101 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ፈረደች። በዚያው ዓመት የኦስካር ሽልማት የወሰደው ፊልም ግን ስለ እነዚህ አራት ሰዎች አልነበረም።

፪. «ማንኛውም መንገድ» የተፈቀደለት ጓድ

አሁን ወደምንኖርበት ከተማ እንመለስ። በማርች 17 ቀን 1968 በለንደን ግሮቭነር አደባባይ በአሜሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ታላቅ ሰልፍ ተደረገ፤ ከፖሊስም ጋር ግጭት ተነሣ። በዚያው ዓመት የለንደን ፖሊስ ልዩ ቅርንጫፍ አንድ አዲስ ቡድን አቋቋመ፤ ኋላ ስፔሻል ዴሞንስትሬሽን ስኳድ ተባለ። ሥራው ወንጀለኛ ማሳደድ አልነበረም። ፖሊሶቹ ጸጉራቸውንና ጺማቸውን አሳድገው በተቃዋሚ ማኅበራት ውስጥ ለአራትና ለአምስት ዓመት አባል ሆነው ይኖሩ ነበር። ገንዘቡ ለብዙ ዘመን በቀጥታ ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይመጣ ነበር። ቡድኑ እስከ 2008 ድረስ 40 ዓመት ሠራ። ከ1999 ጀምሮም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሌላ አገር አቀፍ ክፍል ነበር። ሁለቱ በአንድነት ቢያንስ 139 ስውር ፖሊሶች አሰማርተው ከ1,000 በላይ ማኅበራትን ሰልለዋል።

አሠራሩን ልብ እንበል። ስውሩ ፖሊስ የሐሰት ስም ሲፈልግ ወደ ልደትና ሞት መዝገብ ይሄዳል፤ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ይፈልጋል፤ የሟቹን ስምና የልደት ቀን ወስዶ መንጃ ፈቃድ ያወጣበታል። ፖሊሶቹ ይህን ዘዴ የሚጠሩት «የቀበሮው ቀን» ከተባለው የፍሬድሪክ ፎርሳይዝ ልብ ወለድ በተወሰደ ስም ነበር፤ መጽሐፉ በ1971 ታትሞ በ1973 ፊልም ሆኗል፤ በታሪኩም ቅጥረኛው ነፍሰ ገዳይ ያደረገው ይህንኑ ነው። የመንግሥት ፖሊስ ለራሱ ሥራ ስም ሲያወጣ የነፍሰ ገዳዩን መንገድ መረጠ። የሕፃናቱ ወላጆች የልጃቸው ስም ለምን ሥራ እንደዋለ የተረዱት ጉዳዩ በ2013 በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ከዚህ የከፋ ነው። በርካታ ፖሊሶች ከሚሰልሏቸው ሴቶች ጋር የፍቅር ግንኙነት መሠረቱ፤ አንዳንዶቹ ለዓመታት አብረው ኖሩ፤ ልጅ የወለዱም አሉ። የስምሪቱ ዘመን ሲያበቃ «አእምሮዬ ታወከ» የሚል ደብዳቤ ትተው ይሰወራሉ። ሴቲቱም ስትፈልገው፣ ስትጨነቅለት፣ ራሷን ስትወቅስ ትኖራለች። በኖቬምበር 2015 የለንደን ፖሊስ ለሰባት ሴቶች በይፋ ይቅርታ ሲጠይቅ ግንኙነቶቹ በማታለል የተፈጸሙ በደሎች እንደ ነበሩ አምኗል። በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ ኬት ዊልሰን የተባለችው ታጋይ ማርክ ኬኔዲ የተባለውን ስውር ፖሊስ ያሰማሩትን ክፍሎች ከስሳ አሸነፈች። ልዩው ፍርድ ቤት ፖሊስ የጣሰባት መብት አንድ ብቻ እንዳልሆነ ወሰነ፤ ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅ፣ የግል ሕይወት፣ ሐሳብን የመግለጽና የመደራጀት መብቷ ሁሉ ተጥሷል።

በፊልም ውስጥ ይህ ዓይነቱ ግንኙነት «የተከለከለ ፍቅር» ይባላል፤ ሙዚቃም ይታከልበታል። በፍርድ ቤት ሲታይ ግን ኢሰብአዊ አያያዝ ሆነ።

፫. በእግር መንገድ ርቀት

ከፊንስበሪ ፓርክ ወደ ምሥራቅ በእግር የሄደ ሰው ብዙም ሳይደክም ስቶክ ኒውንግተን ይደርሳል። በጃንዋሪ 12 ቀን 1983 ኮሊን ሮች የተባለ የ21 ዓመት ጥቁር ወጣት በስቶክ ኒውንግተን ፖሊስ ጣቢያ መግቢያ ላይ በጥይት ቆስሎ ሞተ። የሞት አጣሪው ሸንጎ ራሱን አጠፋ ብሎ ወሰነ፤ ቤተ ሰቡና የሰፈሩ ሕዝብ ግን ውሳኔውን አልተቀበሉም፤ ነጻ ምርመራ ይደረግ ብለው ተሰለፉ፤ ብዙዎችም ታሰሩ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይኸው ፖሊስ ጣቢያ ሌላ ጉድ ወጣበት። አንዳንድ ፖሊሶች ዕፅ ይነግዳሉ፣ በሰው ኪስም ዕፅ ይከታሉ የሚል ክስ ቀርቦ «ጃክፖት» የተባለ ምርመራ ተከፈተ፤ በእነዚሁ ፖሊሶች ምስክርነት የተፈረደባቸው ብዙ ሰዎችም በይግባኝ ነጻ ወጡ። ይህን ያጋለጠው መንግሥት አልነበረም። የሃክኒ ማኅበረሰብ መከላከያ ማኅበር የተባለ የነዋሪዎች ስብስብ ነው፤ የተደበደበውንና በሐሰት የተከሰሰውን ሁሉ ቃል እየተቀበለ፣ የፖሊሶቹን ስም እየመዘገበ፣ ጠበቃ እያፈላለገ መዝገብ አደራጀ። በኮሊን ሮች ስም በተሰየመው ማዕከል ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎችና እነዚህ ነዋሪዎች አብረው ይሠሩ ነበር።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ፊልም ቢሆን ምን እንጠብቃለን? አንድ ደፋር ስውር ፖሊስ ዕፅ ወደሚነግዱት ፖሊሶች ይላካል፤ ጣቢያውን ከውስጥ ያጋልጣል። በእውነቱ የሆነው ግን የዚህ ግልባጭ ነው። በ1995 ማርክ ጄነር የተባለ ስውር ፖሊስ «ማርክ ካሲዲ» የሚል ስም ይዞ፣ አናጢ ነኝ ብሎ፣ ወደ ኮሊን ሮች ማዕከል ተላከ። የተሰለለው በደሉን የመዘገበው ክፍል ሆነ። ሰውየው በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ላይ ይገኛል፣ በሰልፍ ላይ ይሰለፋል፣ ከአንዲት የማዕከሉ አባል ጋርም ለዓመታት በአንድ ቤት ኖረ፤ በሌላ በኩል ሚስትና ልጆች ነበሩት። በ2000 ተሰወረ። ሴትዮዋ በ2013 ስሟን ለውጣ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ስትመሰክር በደሏን ከራሷ አንደበት የሰማ ሁሉ ተበዳዩ ማን እንደ ሆነ አልጠፋበትም።

ይህ የአንድ ሰው ስሕተት ነው እንዳይባል የስቴፈን ሎረንስን ጉዳይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ስቴፈን በኤፕሪል 22 ቀን 1993 በደቡብ ለንደን በዘረኞች ተወግቶ የተገደለ የ18 ዓመት ተማሪ ነው። በፌብሩዋሪ 1999 የወጣው የማክፈርሰን ሪፖርት ምርመራው የከሸፈበትን ምክንያት ሲዘረዝር የለንደን ፖሊስ ተቋማዊ ዘረኝነት እንዳለበት ገለጸ። ፒተር ፍራንሲስ የተባለው የቀድሞ ስውር ፖሊስ ደግሞ በ2013 ራሱ ቀርቦ፣ በቤተ ሰቡና በደጋፊዎቻቸው ላይ ስም የሚያጠፋ ነገር እንዲፈልግ ግፊት ተደርጎበት እንደ ነበር ተናገረ። በማርች 2014 የወጣው የኤሊሰን ሪፖርት በሎረንስ ቤተ ሰብ ዙሪያ በነበረው ሰፈር ውስጥ ሰላይ እንደ ነበረ አረጋገጠ። ሕዝባዊው አጣሪ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው። ገዳዮቹን መያዝ ያቃተው ፖሊስ ልጃቸውን ያጡትን ለመከታተል ግን ሰው አላጣም።

፬. ከጓዳ ወደ ሹመት

የፊንስበሪ ፓርክ ስም ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያያዝበት ሌላም መንገድ አለ። ቦብ ላምበርት በ1980ዎቹ «ቦብ ሮቢንሰን» በሚል ስም በለንደን ግሪንፒስና በእንስሳት መብት ታጋዮች መካከል ኖረ። ከአንዲት ታጋይ ልጅ ወለደ፤ ልጁ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ተሰወረ። እናቲቱ እውነቱን ያወቀችው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ከጋዜጣ ላይ ፎቶግራፉን ስታይ ነው፤ በ2014 ፖሊስ 425,000 ፓውንድ ከፈላት። ለንደን ግሪንፒስ ማክዶናልድስን የሚነቅፍ በራሪ ወረቀት በትኖ ሁለት አባላቱ በስም ማጥፋት ተከስሰው እስከ 1997 በዘለቀው ታላቅ ክርክር ሲንገላቱ፣ ወረቀቱን ከጻፉት አንዱ ይኸው ፖሊስ እንደ ነበረ የታወቀው በ2013 ነው።

ላምበርት በ1990ዎቹ የስውር ቡድኑ ኃላፊ ሆኖ እንደ ፒተር ፍራንሲስ ያሉትን ያሰማራ ነበር። በ2002 ደግሞ ከሙስሊሞች ጋር የሚገናኝ የፖሊስ ክፍል መሪ ሆኖ ብቅ አለ። በፌብሩዋሪ 2005 የፊንስበሪ ፓርክ መስጊድ ከአቡ ሐምዛ ተከታዮች እጅ ወጥቶ ለአዲስ አስተዳደር ሲሰጥ ድጋፍ ካደረጉት አንዱ እሱ ነው። ለውጡ ለሰፈሩ ሙስሊም ብዙ መልካም ነገር አምጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን በዚያ ጊዜ እጁን የጨበጡት ሰዎች በእምነት የሚያነጋግሩት ፖሊስ ከዚያ በፊት በሌሎች ሰዎች እምነት ምን እንዳደረገ አያውቁም ነበር። በ2008 የመንግሥት ኒሻን ተሸለመ። በ2011 የድሮ ጓዶቹ በአንድ ጉባኤ ላይ በሰው ፊት አጋለጡት፤ ከፊንስበሪ ፓርክ ብዙ በማይርቀው በለንደን ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲም አስተምሯል። የሰፈሩ ሰዎች ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ በ2015 መጨረሻ ለቀቀ።

በፊልም ውስጥ ስውሩ ፖሊስ ሥራው ሲያልቅ የተሰበረ፣ የተጣለ፣ ብቸኛ ሰው ነው። እዚህ ግን ሹመት፣ ኒሻን፣ የማስተማሪያ ወንበር አገኘ። የተሰበረውን የምናገኘው በሌላው ወገን ነው።

በጁን 2023 አጣሪ ኮሚሽኑ ከ1968 እስከ 1982 ያለውን ዘመን የሚመለከት የመጀመሪያ ሪፖርቱን አወጣ። ሰብሳቢው ሰር ጆን ሚቲንግ የደረሱበት ድምዳሜ፣ የተገኘው ውጤት የተጠቀሙበትን ዘዴ ትክክለኛ አያደርገውም፤ ሕዝቡ በጊዜው አውቆት ቢሆን ቡድኑ ወዲያው ይዘጋ ነበር የሚል ነው። ይህ የተጻፈው ቡድኑ ከተቋቋመ ከ55 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ፣ በ2021፣ ፓርላማው ስውር ሠራተኞች በፈቃድ ወንጀል እንዲሠሩ የሚያስችል ሕግ አውጥቷል። አንዱ እጅ ያለፈውን ይወቅሳል፣ ሌላው እጅ ለወደፊቱ ፈቃድ ይፈርማል።

፭. ካሜራው ወደ ተሰለሉት ሲዞር

ሲኒማ በተፈጥሮው የፖሊስ አገልጋይ ነው ማለት ስሕተት ነው። በ2021 የወጣው «ጁዳስ ኤንድ ዘ ብላክ መሳያ» በዲሴምበር 4 ቀን 1969 ከሌሊቱ በቺካጎ በተኛበት ስለተገደለው የ21 ዓመት የብላክ ፓንተር መሪ ስለ ፍሬድ ሃምፕተን ነው። የቤቱን ካርታ ለኤፍ.ቢ.አይ. የሰጠው የራሱ የጥበቃ ኃላፊ ነበር፤ ለዚህም 300 ዶላር ጉርሻ ተከፈለው። በ1982 መንግሥት ለተጎጂዎቹ 1.85 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ፊልሙ ሰላዩን ያሳያል፤ ነገር ግን የጠፋው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ነጻ የልጆች ቁርስ፣ የድሆች ኅብረት፣ የአንድ ወጣት ንግግር፣ አብሮ ያሳያል።

በአንጻሩ በ2018 የወጣው የስፓይክ ሊ «ብላክክላንስማን» ኩ ክለክስ ክላንን የሰለለ ጥቁር ፖሊስ ጀግና ያደርጋል። ቡትስ ራይሊ የተባለው ጥቁር የፊልም ሠሪ ያን ጊዜ ያቀረበው ትችት መነበብ ያለበት ነው፤ ይኸው ፖሊስ ጥቁር ታጋዮችንም ይሰልል እንደ ነበረ፣ ፊልሙም ይህን አሳንሶ ፖሊስን የዘረኝነት ጠላት አድርጎ እንዳቀረበ ተከራከረ። ሁለቱም ፊልሞች ጥሩ ተሠርተዋል። ልዩነታቸው የማን ኪሣራ ተቆጠረ በሚለው ላይ ነው።

የእኛው ኃይሌ ገሪማ በ2008 ያወጣው «ጤዛ» ስለ ስውር ፖሊስ የተሠራ አይደለም፤ ቢሆንም ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። በጀርመን የተማረው አንበርብር ወደ ደርግ ዘመን ኢትዮጵያ ሲመለስ፣ በስብሰባ ላይ የሚቀሰር ጣት የሰውን ነፍስ እንዴት እንደሚያደቅ እናያለን። ካሜራው ከተሰበረው ሰው ጋር ከመንደሩ እስከ ልጅነቱ ትዝታ ድረስ አብሮ ይሄዳል። ጣቱን የቀሰረው ሰው እንቅልፍ ማጣቱን አያስለቅሰንም።

፮. ጥርጣሬ ያስከፈለን ዋጋ

የተማሪው እንቅስቃሴ ነጭ ለባሽን ከፊልም አልተማረም። በታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ከብበው በነበሩት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች በስድስት ኪሎ ተኮሱ። በኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን፣ ማርታ መብራቱና ጓዶቻቸው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ፣ የተገደሉት ተሳፋሪ መስለው በተቀመጡ የጸጥታ ሰዎች ነው። ስለዚህ የአብዮቱ ትውልድ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበረው።

ነገር ግን ጥርጣሬው ራሱ የጠላት መሣሪያ ሆነ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የቀበሌው ስብሰባ የማጋለጫ መድረክ ተደረገ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ጓድ ጓዱን እንዲጠቁም ተገደደ። በኢሕአፓም ውስጥ «አንጃ» የሚል ስም የወጣለት ክፍፍል ሲነሣ የትናንት ጓዶች እርስ በርስ ተፈላለጉ፤ ከፊሉም የሚያውቀውን ይዞ ወደ ደርግ ገባ። ሰርጎ ገብ የነበረው ስንት እንደ ነበረ የቆጠረ የለም፤ ሰርጎ ገብ ተብሎ በከንቱ የተበላው ግን ብዙ ነው። አንድም ሰላይ ሳይላክበት በጥርጣሬ ብቻ የፈረሰ ማኅበር ለገዥው ከሁሉ የረከሰ ድል ነው።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ለባሹ ልብስም አላስፈለገው። በ2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ወደ ኮምፒውተር የሚገባ «ፊንስፓይ» የተባለ የስለላ መሣሪያ አገኘ፤ ከሚቆጣጠሩት ማሽኖች አንዱ የተገኘው በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ላይ ነው። በ2014 በእንግሊዝ አገር ጥገኝነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ በዚሁ እንደ ተጠቃ አውቆ አቤቱታ አቀረበ። በአሜሪካ የሚኖር ሌላው ወገናችን የኢትዮጵያን መንግሥት ቢከስ፣ በማርች 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም ብሎ መዝገቡን ዘጋበት። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ማለት እዚህ ላይ ነው። ስለ እንደዚህ ያለው ስለላ ፊልም ሠሪው የሚያሳየው ላብ የሚያጠልቀው ጀግና እንኳን የለም፤ የተሰለለው ብቻ አለ።

፯. እንግዲህ ምን እናድርግ?

በ1976 እዚሁ ለንደን ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ትምህርት ይሰጠናል። የእንግሊዝ ወታደሮች ከአየርላንድ ይውጡ በሚል ማኅበር ውስጥ ከፍተኛ ኃላፊነት የያዘ አንድ አባል ነበር። ሌላ የግራ ቡድን ሰዎች ተጠራጠሩት። አልደበደቡትም፣ በየስብሰባው ስሙን አላነሡም። ወደ መዝገብ ቤት ሄደው የልደት ወረቀቱን ፈለጉ፤ ከዚያም በዚያው ስም የሞት ወረቀት አገኙ። ሁለቱን ወረቀት ፊቱ ላይ አስቀመጡ። ሰውየው ተሰወረ። ሥራው የተሠራው በሁለት ቁራጭ ወረቀትና በትዕግሥት ነው።

ከዚህ የሚወጡ ጥቂት ነጥቦችን ለውይይት እናቅርብ።

አንደኛ፣ ግልጽ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ግልጽ እናድርግ። የማኅበር ሒሳብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ምርጫ በአባላት ሁሉ ፊት ከሆነ ሰላዩ የሚሸጠው ነገር ያንሳል። የለንደኑ ስውር ፖሊስ ብዙውን ጊዜ መኪና ያለው፣ ጓዶችን ማታ ቤታቸው የሚያደርስ፣ ማንም የማይፈልገውን የጸሐፊነትና የገንዘብ ያዥነት ሥራ በደስታ የሚቀበል ትጉህ ሰው ነበር። ትጋት ወንጀል አይደለም፤ ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው እጅ እንዲገባ መተው ግን የእኛ ድክመት ነው።

ሁለተኛ፣ ያለ ማስረጃ ማንንም ሰላይ አንበል። ክስ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ፤ የተመረጡ ጥቂት ጓዶች ይመርምሩት፤ የተከሰሰው ይሰማ። በቡና ላይ የሚወራ ሐሜት የሰውን ስም ገድሎ ማስረጃ አይተውም።

ሦስተኛ፣ የስቶክ ኒውንግተን ሰዎች እንዳደረጉት በደልን እንመዝግብ። ፖሊስ ያስቆመን ቀን፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የጠየቀን ጥያቄ፣ ከኤምባሲ የተደወለልን ስልክ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ይቀመጥ። ፖሊስ የኮሊን ሮችን ማዕከል የሰለለው እነዚያ ማኅደሮች ያስፈሩት ስለነበረ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

አራተኛ፣ ከተሰለሉት ጋር እንቁም። የተታለሉት ሴቶች፣ የሟች ሕፃናት ወላጆች፣ የሎረንስ ቤተ ሰብ፣ ለዓመታት የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ማን፣ በማን ትእዛዝ፣ ምን ጻፈብን? ጥያቄው የእኛም ነው። በለንደንም በአዲስ አበባም በስማችን የተጻፈው ማኅደር የእኛ ታሪክ ነውና ሊከፈትልን ይገባል።

ፊልም ማየታችንን አንተውም። ስናይ ግን ካሜራው የሸሸውን ሰው እንፈልግ፤ በሩ ተሰብሮ የገባበትን፣ ፍቅረኛዋ የጠፋባትን፣ ልጁ ተገድሎበት ራሱ የተሰለለውን። ስሙን እንጠይቅ።

ማኅደሮቹ ይከፈቱ!